የአማርኛው መደርደሪያ ቆጠራ

ዓመቱ ሲያልቅ በሩን ዘግተን መጻሕፍት እንቆጥራለን። ሥራው በዐረብኛ ጀርድ ይባላል። በአማርኛ ምን እንደሚባል ስላላወቅሁ ይህን ጽሑፍ ሳልጀምረው ሁለት ቀን ቆየሁ። በመጨረሻ ወደ ንባብ ክፍላችን በየቀኑ የሚመጡትን የጎንደር ሽማግሌ ጠየቅኋቸው።

"ቆጠራ ነዋ" አሉኝ። "ለዚህ ነው ሁለት ቀን ፊትሽን ያጨማደድሽው?"

ቆጠራ። እንዲህ ቅርብ ነበር። አንድ ቃል አጥቼ ሳገኘው እንዴት ደስ እንደሚለኝ ለማንም መናገር አልችልም፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ። አማርኛ አንድ ገጽ ሙሉ መጻፍ ከቻልሁ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ አሁን ግን እጄ አልቆም ብሏል። የምጽፈው ነገር ደስ የሚል ሆኖ አይደለም። ባለፈው ቆጠራ ስለሠራሁት ስህተት ነው። በዚያ ስህተት ምክንያት ሦስት መደርደሪያ የአማርኛ መጽሐፍ የኦቾሎኒ መጠቅለያ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር።

የምንኖረው ገዳሪፍ ነው። እናቴ ከመተማ ድንበሩን ወዲህ የተሻገረችው አንድ የሰሊጥ አጨዳ ሠርታ ልትመለስ ነበር። አጨዳው ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ፣ እኔም እዚሁ ተወለድሁ። አሁን እርሻ አትወርድም፤ ወገቧ እምቢ ስላለ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ ትለቅማለች። ሙሉ ቀን ጠጠሩን ከሰሊጡ ስትለይ ትውልና ቤት ስትገባ ዓይኗን ጨፍና ትቀመጣለች። "ምን ይታይሻል?" ስላት፣ "ሰሊጥ" ትለኛለች። ሌላ ነገር አትልም።

እኔ ትምህርቴን የተማርሁት በዐረብኛ ነው። ፊደል የቆጠርሁት ደግሞ ትንሽ ሆኜ፣ ኡም ጋርጉር ካምፕ የእናቴ ዘመድ ዘንድ በከረምንበት ጊዜ፣ በእሁድ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲያ ፊደሉን ማንም አልጠየቀኝም። የዚህ አገር ጦርነት ሲመጣ ትምህርት ቤታችን ከዋና ከተማው በሸሹ ሰዎች ተሞላ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ልብስ ተሰጣ። መማር ሲቀር ቤት መዋል ሰለቸኝና ወደ ንባብ ክፍሉ መሄድ ጀመርሁ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የሄድሁት ለመጽሐፍ አልነበረም፤ መብራት በሚመጣበት ሰዓት የሚዞር ማራገቢያ ስላለው ነው።

እዚያ ነው ኡስታዛን ያገኘኋቸው። ኡስታዛ ማለት መምህርት ማለት ነው፤ እኔ ብቻ ሳልሆን ሁሉም እንዲህ ነው የሚጠራቸው። በዐረብኛ ስናወራ "አንቺ" ነው የምላቸው፤ በአማርኛ ስጽፋቸው ግን እጄ ራሱ "እሳቸው" ይላል። በዚህ ብቻ እንኳ አማርኛን ወድጄዋለሁ። ኡስታዛ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአገሩ ዋና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ስሙን አይጠሩትም፤ "ትልቁ ቤት" ይሉታል። ከዋና ከተማው ሲሸሹ አንድ ቦርሳ ብቻ ይዘው ወጡ። እዚህ ሴቶች የሚከናነቡት ሁለት ቶብ፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ በካልሲ የተጠቀለለ የትልቁ ቤት ማኅተም። ልጃቸው ገዳሪፍ ቤት ተከራይቶ ስለነበር መጡ፤ በሦስተኛው ሳምንት ቤት መቀመጥ አልችልም ብለው የንባብ ክፍሉን ቁልፍ ከአካባቢው ቢሮ ተረከቡ። ደሞዝ የሚሰጣቸው የለም። ለምን እንደሚመጡ ስጠይቃቸው፣ "ተቀምጦ መድከም ይብሳል" አሉኝ።

ሙቀቱ ሲከብድ፣ ሁለታችንም ከመደርደሪያው ጥግ መሬት ላይ ተቀምጠን፣ ስለ ትልቁ ቤት ይነግሩኝ ነበር። እንደ ተረት አይደለም የሚነግሩኝ፤ ሰው ስለ ጓዳው እንደሚያወራ ነው። ጋዜጣ በየወሩ ተሰብስቦ በጨርቅ ይጠረዛል። አገር ውስጥ መጽሐፍ ያሳተመ ማተሚያ ቤት ሁሉ ከእያንዳንዱ ጥቂት ቅጂ ማምጣት ግዴታው ነው፤ የማያመጣውን ደጋግመው በደብዳቤ ይጨቀጭቁታል። ካርታዎቹ ሰፊ መሳቢያ ውስጥ ተኝተው ይኖራሉ፤ የእጅ ጽሑፎቹን ለማየት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፎቶግራፎቹን ደግሞ ምስጥ እንዳይበላቸው በየስድስት ወሩ ያገላብጧቸዋል። ከዚያ ዓመት ሲያልቅ ቆጠራ፤ ከቆጠራ በኋላ ሪፖርት። ምን ገባ፣ ምን ጠፋ፣ ምን ተጠረዘ፣ ማን አነበበ። ሪፖርቱን የሚጽፉት ኡስታዛ ነበሩ።

"ማን ያነበዋል?" አልኋቸው አንድ ቀን።

"ሪፖርቱን?"

"አዎ።"

አሰቡ። "እኔ" አሉ። "የሚቀጥለውን ለመጻፍ የአምናውን አነባለሁ።"

የአማርኛ መጻሕፍቱም ከትልቁ ቤት የመጡ ናቸው። ከጦርነቱ በፊት፣ እዚያ የሚያነባቸው ስላልነበረ፣ አንባቢያቸው ወዳለበት ይሂዱ ተብሎ ወደ ገዳሪፍ በውሰት ተላኩ። የላካቸውን ደብዳቤ በኮምፒውተር የጻፉት ራሳቸው ኡስታዛ ነበሩ። "ያን ቀን የላክኋቸው እኔን ሊቀድሙኝ ነው ለካ" ይላሉ።

ትልቁ ቤት አሁን እንዴት እንደሆነ አያውቁም። አንዱ ተቃጥሏል ይላቸዋል፤ አንዱ በሩ ብቻ ነው የተሰበረው ይላቸዋል፤ ሌላው በዚያ አላለፍሁም ይላል። መጀመሪያ ሰው በመጣ ቁጥር ይጠይቁ ነበር። አሁን አይጠይቁም። ግን ዓመቱ ሲያልቅ ሪፖርቱን መጻፍ አልተዉም። ቅጹን በቃላቸው ስለሚያውቁት በመስመሪያ አስምረው በእጅ ሠሩት። በእያንዳንዱ ረድፍ ፊት አንድ ቃል ይጻፋል፤ ወይ መውጁድ፣ ማለት አለ፤ ወይ ጠፍቷል፤ ወይ አይታወቅም።

"ዘንድሮ አይታወቅም የሚለውን ብዙ ጊዜ እንጽፋለን" አሉኝ ቆጠራው ሊጀመር ሲል። "ጋዜጣው አይታወቅም። ካርታው አይታወቅም። በዓይኔ አይቼ መውጁድ ብዬ የምጽፈው ያንቺን ሦስት መደርደሪያ ብቻ ነው።"

ያንቺ ማለታቸው ደስ አለኝ።

በዚያው ሰሞን ከአካባቢው ቢሮ ደብዳቤ መጣ። የክፍሉ ግማሽ ለተፈናቃዮች መመዝገቢያ ስለሚፈለግ እስከ ሐሙስ ይለቀቅ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ንብረት የሆነው ይቀመጥ፤ ባለቤት የሌለው ግን ይውጣ። ደብዳቤውን ያመጣው የቢሮ ሰው ክፉ አልነበረም። እሱም ደክሞታል። ሰዎቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ነው የሚመዘገቡት፣ ጥላ ያስፈልጋቸዋል አለን፤ እውነቱን ነው። ኡስታዛ፣ "ባለቤት የሌለው ወዴት ነው የሚወጣው?" ሲሉት፣ ወረቀት የሚገዛ ነጋዴ ጋሪ ይዞ ይመጣል አለ። ያ ነጋዴ ገበያው ዳር ላሉት ኦቾሎኒ ሻጮች ነው የሚያስረክበው። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በእሱ ወረቀት ተጠቅልሎ ያልበላ የለም።

እንግዲህ ቆጠራው እንዲህ ነው። መጽሐፉን ታወርዳለህ፤ አቧራውን ታራግፋለህ፤ ሽፋኑን ገልጠህ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ማኅተምና ቁጥር መኖሩን ታያለህ፤ ትመዘግባለህ፤ ትመልሳለህ። ለአንድ መጽሐፍ ቀላል ነው። ከመቶ በኋላ ክንድ ይዝላል፤ ከሦስት መቶ በኋላ አቧራው ጉሮሮ ውስጥ ጭቃ ይሆናል። ኡስታዛ ዐረብኛውንና እንግሊዝኛውን ያዙ። አማርኛውን ለእኔ ተዉልኝ፤ ፊደሉን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለማ።

ለአንባቢ በሩ ዝግ ስለነበር ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ዱካ አስወጥተው ተቀመጡ። እሳቸው ፋሽጋ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዱ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ወደ መተማ የሚወስደው የገላባት መንገድ ጸጥ ሲል አገሬ እገባለሁ እያሉ ነው የሚኖሩት። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ትንሽም ድምፅ እያሰሙ ነው የሚያነቡት። ኡስታዛ ዝም እንዲሉ ምልክት ሲያሳዩዋቸው፣ "ይህች ሴትዮ መጽሐፍ የሚነበበው በሆድ ነው ብላ ነው?" ይሉኛል በአማርኛ፣ ለኡስታዛ ደግሞ አንገታቸውን ጎንበስ አድርገው ይቅርታ ይጠይቃሉ። በሩ ተዘግቶ እንዳይከፋቸው አንድ ወፍራም መጽሐፍ ሰጠናቸው፤ እሱን እያነበቡ ነበር።

የመጀመሪያውን የአማርኛ መጽሐፍ ገለጥሁ። ማኅተም የለውም። ሁለተኛውም የለውም። አምስተኛው ላይ ስደርስ ተመልሼ የመጀመሪያውን ደግሜ ገለጥሁ። አሥረኛው ላይ ሲሆን ግን፣ እፍረቴን ልናገርና፣ መጠንቀቄን ትቼ በዝርዝሩ መደሰት ጀምሬ ነበር። ምክንያቱም የእያንዳንዱን መጽሐፍ ርዕስ በአማርኛ ጽፌ፣ አጠገቡ ንባቡን በዐረብኛ ፊደል፣ ከዚያ ትርጉሙን እየጻፍሁ ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ሠርቶ አያውቅም። ጽሑፌ ያምራል። በመጨረሻው ረድፍ ላይ "ማኅተም የለውም፣ ማኅተም የለውም" እያልሁ ከላይ እስከ ታች ወረድሁ፤ የእሱም ጽሑፍ ያምራል።

ኡስታዛ ወረቀቱን ሲያዩት መጀመሪያ፣ "ቆንጆ ነው" አሉ። ከዚያ የመጨረሻውን ረድፍ አነበቡ።

"አንዱም?"

"አንዱም።"

"ገልጠሽ አይተሻል?"

"እያንዳንዱን ገልጫለሁ።"

ተነሥተው ሊያዩ ነበር፤ እጃቸውን መደርደሪያው ላይ አደረጉና መልሰው ተቀመጡ። ያን ቀን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጡም ነበር። እግራቸው ጫማው ውስጥ አብጧል። "ሳይታተሙ ላክናቸው ማለት ነው" አሉ ቀስ ብለው። "እኔም ሳላይ ደብዳቤውን ጻፍሁ።"

"ማኅተሙ ቦርሳዎ ውስጥ አይደል?" አልኋቸው። "አሁን እንምታባቸው።"

በሕይወቴ እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም። አልተቆጡም። "ያ ቢት" አሉኝ፣ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው፣ "ይህ ማኅተም ትልቁ ቤት የገባውን ብቻ ነው የሚመታው። ቁጥር ለሌለው ነገር ዛሬ ብመታ፣ ነገ በዚህ ማኅተም የታተመውን ሁሉ ማን ያምናል?" ዝርዝሬን ፈረሙበት። አንዱን ቅጂ የቢሮው ሰው ወሰደ። ከሪፖርቱ ቅጽ ላይ የአማርኛውን ረድፍ ባዶ ተዉት።

ዓርብ እናቴ ሥራ የላትም። ከተመገብን በኋላ በጥላው ተጋድማ፣ "እስቲ አንብቢልኝ" አለችኝ። እናቴ ፊደል አታውቅም። በየዓርቡ ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ ተውሼ እወስድላታለሁ። እንደ ሁልጊዜው አራተኛው ገጽ ላይ ስደርስ እንቅልፍ ወሰዳት። ስትተኛ አቆማለሁ፤ ያለ እሷ ወደፊት መሄድ ደስ አይለኝም። በሚቀጥለው ዓርብ ደግሞ፣ "ያለፈውን ረስቸዋለሁ፤ ሌላ ጀምሪልኝ" ትለኛለች። እንዲህ ነው መደርደሪያውን የጨረስነው። ያን ቀን ከእንቅልፏ ስትነቃ፣ ሐሙስ መጻሕፍቱ ሊወጡ እንደሆነ ነገርኋት።

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"ታዲያ ዓርብ ምን ታነቢልኛለሽ?"

የያዝሁትን መጽሐፍ ዘጋሁት። ጀርባዋን አዞረችና፣ "እንግዲያው እተኛለሁ" አለች። ስቄ ነበር፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ሰኞና ማክሰኞ የዐረብኛውን ቆጠራ ቀጠልን። ኡስታዛ ከእኔ ጋር ብዙም አያወሩም። ተቀይመውኝ አይደለም፤ ቃል ለማውጣት የሚሆን ጉልበት አልነበራቸውም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የአማርኛ መጻሕፍቱን ከመደርደሪያው እያወረድሁ በሩ አጠገብ መከመር ጀመርሁ፤ ጋሪው ጠዋት ይመጣል። ሽማግሌው ከዱካቸው ሆነው ያዩኛል።

"ጨረስሁት" አሉ።

"እንኳን ደስ ያለዎት" አልኋቸው፤ እጄ ሙሉ ነበር።

"እንዲያው ሰውየው መሞቱ አይቀርም ብዬ ነበር፤ ተረፈ። ማኅተሙንም አየሁት።"

"የምን ማኅተም?"

"የመጨረሻውን ነዋ። ለጨረሰ ሰው የሚመታውን።"

ክምሩን መሬት አስቀመጥሁ።

"መጽሐፉ ሲያልቅ አለ አይደል" አሉ፣ ያልገባኝ መስሏቸው። "ክቡ፣ ሰማያዊው። ጥሩ ልማድ ነው፤ ጨርሰሃል ብሎ ይመሰክርልሃል። በዚህ ሁሉ ላይ አለ እኮ፤ እስካሁን ስድስት ጨርሻለሁ፣ ስድስቱም ላይ አለ። አንች አላየሽውም?"

ዝም አልሁ።

"ስንቱን ጨርሰሻል?"

የክምሩን አቧራ በእጄ መጥረግ ጀመርሁ።

"ኧረ ልጅት" አሉ። "መደርደሪያውን በሙሉ አንብቤዋለሁ ስትይ አልነበር?"

"በሙሉ ጀምሬዋለሁ ማለቴ ነው፣ አባባ።"

"የሰፈሩን ቤት ሁሉ እያንኳኳሽ አንዱም ጋ እራት ሳትበይ?" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። መጽሐፉን ከእጃቸው ተቀብዬ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥሁ። ሰማያዊ ክብ ማኅተም አለ። ከሥሩ በእጅ የተጻፈ ቁጥር አለ። ከክምሩ ሌላ አነሣሁ፤ ከመጨረሻው ገለጥሁት፤ አለ። ሌላም። አለ። አንደኛው ላይ ማኅተሙ ተዘቅዝቋል፤ ያተመው ሰው የላዩን ከታቹ አልለየውም።

ያን ጊዜ ገባኝ። ማኅተሙን የመታው ሠራተኛ ዐረብኛ አንባቢ ነው። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በግራ እንደሚከፈት ያውቃል፤ ፊደሉን ስለለመደው። አማርኛውን ግን አይቶት አያውቅም። ያላወቀውን ሲያገኝ እጁ ወደለመደው ሄደ፤ መጽሐፉን ከቀኝ ገለጠና የመጀመሪያው ገጽ ነው ብሎ መታው። እኔስ? ሳምንቱን በሙሉ የዐረብኛ መጽሐፍ ሳገኝ ከቀኝ፣ የአማርኛ ሳገኝ ከግራ እየገለጥሁ፣ ሁለት ቋንቋ ማወቄን ራሴ ለራሴ እያሳየሁ ነበር። አንድ መጽሐፍ እንኳ እስከ መጨረሻው አንብቤ ቢሆን ኖሮ ከማንም በፊት አውቀው ነበር።

ኡስታዛ አግዳሚው ላይ ጋደም ብለው ቶባቸውን ፊታቸው ላይ ጥለዋል። "ኡስታዛ" አልሁ። "ስህተት ሠርቻለሁ።"

ቶቡን ሳያነሡ፣ "አንቺ ብቻ አይደለሽም" አሉ።

"ማኅተም አላቸው።"

ተነሥተው ተቀመጡ። መጽሐፉን ሰጠኋቸው። ዘግተው አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ እንደ ዐረብኛ መጽሐፍ ከቀኝ ገለጡት። ማኅተሙ ፊት ለፊታቸው ወጣ።

"ይኸው እኮ መጀመሪያው ላይ" አሉ።

"ለእርስዎ ነው መጀመሪያ።"

"ለእናንተስ?"

"መጨረሻ።"

መጽሐፉን ወደ ብርሃኑ አቀረቡት። ቁጥሩን በጣታቸው ነኩት። "ይህን ቁጥር የጻፈውን ሰው አውቀዋለሁ" አሉ። "ሰባትን እንዲህ የሚያጣምም እሱ ብቻ ነው።" የት እንዳለ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።

ጀንበር ሳትጠልቅ እንደገና ቆጠርን። እኔ ከመጨረሻው እገልጣለሁ፤ ኡስታዛ ቁጥሩን ይጽፋሉ፤ ሽማግሌው የተቆጠረውን ወደ መደርደሪያው ይመልሳሉ። ወገባቸውን ስለሚያማቸው አንድ በአንድ ነው የሚመልሱት፤ በየመሀሉም ርዕሱን እያነበቡ፣ "ይህን ሳላየው ሊሸጥብኝ ነበር" ይላሉ። በመጨረሻ አሥራ አንድ መጻሕፍት ተረፉ። ሙጫቸው በሙቀት ለቆ የመጨረሻ ገጻቸው የጠፋ ናቸው። ከገጹ ጋር ማኅተሙም ቁጥሩም ሄዷል።

"እነዚህም ከእነዚያ ጋር ነው የመጡት" አልሁ።

"አውቃለሁ" አሉ ኡስታዛ።

"ታዲያ?"

"ቁጥራቸውን ታውቂዋለሽ?"

አላውቀውም። የትልቁ ቤት መዝገብ ትልቁ ቤት ውስጥ ነው።

"እንግዲህ ምን ብዬ ልጻፍ?" አሉኝ። እየጠየቁኝ ነበር፤ እየተቆጡ አልነበረም። መልስ ብሰጣቸው ኖሮ የሚሰሙኝ ይመስለኛል። አሥራ አንዱን በሩ አጠገብ ለብቻ ከመርኋቸው።

ሐሙስ ጠዋት የቢሮው ሰውና ባለጋሪው መጡ። የቢሮው ሰው ዝርዝሬን አውጥቶ፣ "ሁሉም ይወጣል የሚል ፊርማ አለ" አለ። ኡስታዛ አዲሱን ዝርዝር ሰጡት፤ አንድ መጽሐፍ አውርደውም ማኅተሙን አሳዩት። ሰውየው መጽሐፉን በቀኝ ገለጠው፣ ማኅተሙን አየ፣ እኔን አየኝ።

"መጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን እንዴት አላየሽውም?" አለኝ።

ማስረዳት ጀመርሁ፤ ስለ ግራና ስለ ቀኝ፣ ስለ ፊደል። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ እጁን አነሣ። ደጅ ቢያንስ አርባ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። "ማኅተም ያለው ይቅር" አለ። "የሌለውን ጫን።"

ባለጋሪው አሥራ አንዱን አንሥቶ ጫነ። ለዚህ ነው በጠዋት የጠራችሁኝ ብሎ አጉረመረመ። ሽማግሌው ወደ ጋሪው ሄደው ሁለቱን መርጠው ወሰዱ፤ ባለጋሪው ምንም አላላቸውም። ሌሎቹንም ይውሰዱ አልኋቸው። "ጀርባዬ ከሁለት በላይ አይፈቅድም፤ ደግሞ መጨረሻቸው የለም" አሉኝ። "መጨረሻውን ራሴ እጨምርበታለሁ።" ዘጠኙ ሄዱ። አንደኛውን ለእናቴ ጀምሬላት ነበር፤ ሽፋኑን አወቅሁት።

ከዚያ መደርደሪያዎቹን እየገፋን ወደ ግማሹ ክፍል አጨናነቅናቸው። ከሰዓት በኋላ የመመዝገቢያው ጠረጴዛ ገባ፤ ሰልፉም ወደ ውስጥ ገባ። ልጆች አዝለው የቆሙ ሴቶች በአማርኛው መደርደሪያ ላይ ክንዳቸውን ያስደግፋሉ። አንዷ አንድ መጽሐፍ አውጥታ ልጇን አራገበችበት። ኡስታዛ አይተው ወደ ጠረጴዛችን ዞሩ።

እኛ በቀረን ጠረጴዛ ላይ ሪፖርቱን መጻፍ ጀመርን። መጀመሪያ የማስተካከያ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር። ኡስታዛ በቃል ሲሉ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ዐረፍተ ነገር ከራሴ ጨመርሁ፤ "ስህተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ መጻሕፍቱን እስከ መጨረሻ ስላላነበብሁ ነው" የሚል። ኡስታዛ አነበቡትና በቀጭን መስመር ሰረዙት።

"እውነት ነው እኮ" አልሁ።

"እውነት ነው። ግን በሪፖርት ውስጥ እኔ የሚባል ሰው የለም። ተቆጠረ፤ ተስተካከለ፤ በቃ። ያንን ሌላ ቦታ ጻፊው።"

ሌላ ቦታ ያሉት ይህ ነው።

ከዚያ ወደ ቅጹ ሄድን። ጋዜጣ፤ አይታወቅም። ካርታ፤ አይታወቅም። የእጅ ጽሑፍ፤ አይታወቅም። ፎቶግራፍ፤ አይታወቅም። ዘንድሮ የገባ፤ የለም። ዘንድሮ የተጠረዘ፤ የለም። ኡስታዛ ረድፉን በቃላቸው ይጠሩልኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ሰልፉ ውስጥ ያለ ሕፃን ያለቅሳል። አንድ ቃል ያን ያህል ጊዜ ሲጻፍ ፊደሉ ትርጉሙን ያጣል፤ እጄ ራሱን ችሎ ይጽፍ ነበር። የአማርኛው ረድፍ ላይ ስንደርስ ኡስታዛ መጥራታቸውን አቆሙ። ቀና ስል እጃቸውን ዘርግተዋል። ብዕሩን ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ወደ እሳቸው ሳቡና ራሳቸው ጻፉት፤ መውጁድ።

እጃቸው ስለደከመ ቃሉ ከመስመሩ ወርዶ ተንጋደደ። በደንብ ልድገመው ወይ አልኋቸው።

"ተዪው" አሉ።